ሽሮ የምታሳርረው ልጅ ሙሾ

ከብዙ ወንዞች ማዶ አንድ አገር ነበር። ስሙ አይታወቅም፤ ቢታወቅም ለተናጋሪው አይበጅምና ይቅር። የዚያ አገር ሰው እንደ ሌላው ሰው ይወለዳል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። የሚለየው፣ ሰው ከሞተ በኋላ ባለው ነገር ነው። እዚያ ማዘን ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ ሹም አለው፤ ሹሙ ምክትል አለው፤ ምክትሉ ዣንጥላ ያዥ አለው፤ ዣንጥላ ያዡም በገበያ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ይነሣዋል።

ነገሩ የተጀመረው በጥንት ዘመን ነው ይባላል። አንድ ንጉሥ በመንገድ ሲያልፉ የልቅሶ ድምፅ ሰሙና፣ «በእኔ ዘመን ምን ጎድሎ ነው የሚለቀሰው?» ብለው ጠየቁ። አጃቢዎቻቸው እርስ በርስ ተያዩ። «ሰው ጎድሎ ነው» ለማለት የደፈረ አልተገኘም። ብዙም ሳይቆይ የመጽናናት ቤት ተሠራ፤ ሹሙም ሊቀ አጽናኝ ተባለ።

ቤቱ መጀመሪያ ያደረገው ሙሾን መቁረጥ ነበር። ሐዘንተኛ እንደመጣለት የሚያወርደው ሙሾ ቀረና ለአገሩ በሙሉ ሦስት ሙሾ ተፈቀደ። ለወንድ «አንበሳ ነበረ»፣ ለሴት «ወጥ አሳማሪዋ»፣ ለሕፃን «አበባ ረገፈ»። ሌባ ቢሞት አንበሳ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ፈትል ስትፈትል የኖረች፣ ማጀት ገብታ የማታውቅ ሴት ብትሞትም ወጥ አሳማሪ ናት። በሦስቱም ውስጥ የሟች ስም የለም። «ስም ናፍቆት ይቀሰቅሳል» ይላል ደንቡ፤ «ናፍቆትም ጥያቄ ይቀሰቅሳል» ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ተፍቋል።

ከሙሾው ሌላ የጽናት ድንጋይ የሚሉት አለ። በአደባባዩ መካከል የተቀመጠ፣ እንደ አውድማ የሰፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ሐዘንተኛ በሸንጎ ቀን እዚያ ላይ ወጥቶ «ተጽናናሁ» ይላል። ሕዝቡ «ደግ ሆነ!» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ የሟቹን ስም መጥራት አይቻልም። ቃሉን እስኪል ድረስ ግን ከሐዘንተኛው የሚገዛ የለም፣ የሚሸጥለት የለም፣ እሳት የሚጭርለትም የለም። በሸንጎው ቀን እንቢ ያለ ደግሞ ከአገር ይወጣል።

ስለ ድንጋዩ የወጣው ደንብ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። አንድ ጊዜ ሐዘንተኛው ቃሉን ሊል ሲል አንድ መኮንን አስነጠሰና ቃሉ ሳይሰማ ቀረ። ሰውየው ተጽናንቷል ወይስ አልተጽናናም በሚል ሹማምንቱ ሲከራከሩ ክረምቱ አለፈ፤ ሐዘንተኛውም በመካከሉ ሞተ። ስለዚህ እንዲህ ተደነገገ፦ ከድንጋዩ ላይ ያለ ይናገር፤ ከድንጋዩ በታች ያለ፣ ቃሉ እስኪወጣ፣ አይናገር፣ ከመቀመጫው አይነሣ፣ ዣንጥላም አያንቀሳቅስ። ይህን የጣሰ ሹመቱን ያጣል። ደግሞም ሐዘንተኛ ጉልበቱ ይከዳዋልና ደጋፊ ይዞ እንዲወጣ ተፈቀደለት። የደጋፊው ቁጥር አልተጻፈም። ደጋፊ የሚበዛለት ሐዘንተኛ ይኖራል ብሎ ያሰበ ሹም አልነበረም።

በዚህ አገር ላቀች የምትባል ጨው ነጋዴ ነበረች። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት አንዲት ልጅ አሳድጋለች፤ ልጅቱ ማንያህልሻል ትባላለች። ማንያህልሻል በአህያ ጨው ጭና ከወንዙ ማዶ ስትመላለስ፣ በታላቅ ድግስ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ፈረሰና ሞተች። አህያው ከድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ አልረግጥም ብሎ ነበር። እሷ ልትስበው ቀድማ ገባች። አህያው ተረፈ።

ሊቀ አጽናኝ አጉናፍር ሙሾ አውራጁን አስከትሎ ወደ ልቅሶው ቤት መጣ። አጉናፍር ያጽናናው ሰው ስፍር ቁጥር አልነበረውም፤ ሁሉም የተጽናናው እሱን ዳግመኛ ላለማየት ነበር። ሙሾ አውራጁ ጉሮሮውን ጠረገና አወረደ፦

«እጇ የጣፈጠ ወጥ አሳማሪዋ፣
ጾሙን አደረ ቤቱ፣ ሄደች ባለሙያዋ።»

ላቀች ካቀረቀረችበት ቀና አለች። «ማን ናት እሷ?»

«ሟች ናታ» አለ ሙሾ አውራጁ።

«ልጄ ወጥ አታውቅም።»

ሙሾ አውራጁ ወደ አጉናፍር ዞረ።

«ልጄኮ ሽሮ እንኳ ታሳርር ነበር! ይኸው ጎረቤት ይመስክር! ጭሱን አይታችሁ ቤት ተቃጠለ ብላችሁ ውሃ ይዛችሁ አልመጣችሁም?»

ጎረቤቶቿ አንገታቸውን ደፉ። አንዷን ብቻ ሳቅ አሸነፋትና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

«እሜቴ» አለ አጉናፍር በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሰው ከሞተ በኋላ ሙያ ይገባዋል። የመጽናናት ቤት ይሰጠዋል። ደስ ሊልዎ ይገባ ነበር።»

«ስሟን ጥሩልኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ማንያህልሻል። እንዴት እንደሞተችም ይነገር። ድልድዩ…»

«ድልድዩ ምን ሆነ?»

«ፈረሰ።»

«አረፈ» አለ አጉናፍር። «ድልድዩ ደክሞት አረፈ። ስለዚህ ድልድይ ሌላ ቃል አልተፈቀደም። በሚመጣው ሸንጎ ድንጋዩ ላይ ወጥተው ተጽናናሁ ይበሉ፤ ከዚያ በሰላም ጨውዎን ይሽጡ።»

ወጥቶ ሲሄድ ዣንጥላ ያዡ ከደጅ የታሰረውን አህያ ዳሰሰ። አህያው ጆሮውን አቁሞ ወደ መንገዱ ይመለከት ነበር።

ከዚያ በኋላ ገበያው ለላቀች ተዘጋ። የጨው መደቧ አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ መንገዱን ያጣምማል። ተወልዳ ባደገችበት ሰፈር እንደ ሥጋ ደዌ ተፈራች። ቃሉን ብላ ለመገላገል ያሰበችበት ጊዜም ነበር። ግን አፏን በከፈተች ቁጥር፣ «ልጄ እንደሆነችው ሆና አንድ ቀን በሰው ፊት ሳትጠራ ስሟን ልቀብር?» የሚል ሐሳብ ይመጣባትና መልሳ ትዘጋዋለች። ከመሞቷ ይልቅ ወጥ አሳማሪ ሆና መቅረቷ አንገበገባት።

ጨው የሚገዛት የተገኘው በቆዳ አልፊዎች ሰፈር ነው። ቆዳ ያለ ጨው አይሆንም፤ ሹማምንት ደግሞ ሽታውን ስለሚጸየፉ ወደዚያ ብቅ አይሉም። በዚያ አገር አፍንጫን የሚያስይዝ ቦታ ሁሉ ትንሽ ነጻነት ነበረው።

ላቀች ጨውዋን ጭና ስትደርስ፣ በቆዳ መንከሪያው ጉድጓድ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ቃል ሲጣሉ አገኘቻቸው። አንድ ሸማኔ፣ ሁለት ሦስት ሴቶች፣ አንድ የእህል ጫኝ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ካባቸው ያለቀ አንድ ሽማግሌ። ሁሉም ሰው የሞተባቸው ናቸው። በድንጋዩ ላይ ቃሉን ያሉ ናቸው፤ ብለውም ያልሆነላቸው።

«"ሄደ" አትበል!» ትላለች ደብሪቱ የተባለችው የሰፈሩ ቆዳ አልፊ፣ እጇ እስከ ክርኗ በቆዳ ውሃ እንደተነከረ። «የእህል ጫኙ ወንድም የሄደ አይደለም፤ የሄደ ይመለሳል። ሌላ ቃል አምጣ!»

«ቤት አይመታልኝም!» ይላል ሸማኔው።

«ቤት ባይመታ ምን ቸገረህ፤ የሚመታው አንተን ነው!»

ላቀች ሙሾ እየገጠሙ መሆኑ ሲገባት ጨውዋን አውርዳ ተቀመጠች። የመጣችበትንም ነገረቻቸው። ደብሪቱ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች።

«ስሚ እታለም። የራሱን ሬሳ ብቻውን ተሸክሞ መቃብር የወረደ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የለም። የራስን ሙሾም ራስ አይገጥምም። አንቺ ትነግሪናለሽ፣ እኛ እንገጥማለን። ካልመሰለችሽ "አይደለችም" በይ። ስትመስልሽ "እሷ ናት" በይ። ከዚህ ሌላ አትበይ። በይ ጀምሪ።»

«ልጄ ደግ ነበረች።»

«ደግ ያልሆነ ሬሳ እስካሁን አላየሁም። ምን ዓይነት ደግ?»

«ምን ዓይነት ማለት ምን ማለት ነው? ደግ ነዋ!» ላቀች ተቆጣች።

«ለማን? ምን ሰጥታ?»

 ላቀች ዓይኗን ጨው ከረጢቱ ላይ ተክላ፣ «ጨው ስትሸጥ ለልጅ ሲሆን ከስፍሩ ላይ ቁንጥር ትጨምራለች። ልጁ እዚያው ይልሰዋል። እኔ እቆጣታለሁ። "እማዬ፣ ጨው የባሕር ነው፤ ባሕሩ ሳይቆጣ አንቺ ምን ያስቆጣሻል?" ትለኛለች» አለች።

«ይኸዋ!» አለች ደብሪቱ። «መጣች።»

ሸማኔው አላስችለው ብሎ ተነሣና፣ «እንደ ጨረቃ ሆና በጨለማ ያበራች…» ብሎ ጀመረ።

«አይደለችም» አለች ላቀች። «ፊቷ ማዲያት ነበረበት።»

«አንተ ሰው፣ ጨረቃህን ወደ ሰማይህ መልስ!» አለች ደብሪቱ። ሁሉም ሳቁ። ላቀችም ሳቀች፤ መሳቋን ባወቀች ጊዜ ደነገጠች። በዚያ ሰፈር ሳቅ ግን ማንም አይጸጸትም ነበር።

እንዲህ እየተመላለሰች ብዙ ነገረቻቸው። ልጇ እንደ ወንድ ታፏጭ እንደነበር፣ አህያው በእሷ ፉጨት ብቻ ቤት ይገባ እንደነበር፣ ጸጥ መባል ባለበት ቦታ ሁሉ ሳቅ ይመጣባት እንደነበር ነገረቻቸው። እነሱም ሁልጊዜ «ምን ዓይነት ፉጨት? ምን ዓይነት ሳቅ?» ይሏታል። ነገር እንደሚፈልግ ጠበቃ ያደርቋታል። አንዳንድ ቀን ተበሳጭታ ትነሣለች። በማግስቱ ተመልሳ ትመጣለች፤ ምክንያቱም ልጇ ጥያቄ ባለበት ቦታ ካልሆነ ሌላ የትም አትገኝም ነበር።

ጥግ ላይ ያሉት ሽማግሌ፣ አለቃ ጥሶ፣ አንድ ስንኝ እንኳ አዋጥተው አያውቁም ነበር። አንድ ቀን ግን ድንገት ጠየቁ።

«የትኛውን አወረዱላት አልሽ፣ ልጄ?»

«ወጥ አሳማሪዋን።»

«የእኔ ነው» አሉ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«ሚስቴ ትርንጎ ትባል ነበር። ወጥ አሳማሪ ነበረች፤ በእውነት ነበረች። ስትሞት እኔ ነኝ ያወረድኩት። መጨረሻው "ሄደች ትርንጎዋ" ነበር የሚለው። የመጽናናት ቤት ሰምቶ ወደደው። ትርንጎን ፍቀው "ባለሙያዋ" አስገቡና ለአገሩ ሴት ሁሉ አደረጉት። ለእኔም ይህን ካባ ሸለሙኝ። እኔም ፈራሁና ለበስኩት።» ካባቸውን ነካ አደረጉ። «አሁን በየልቅሶው ቤት እሰማዋለሁ። ለእሷ እውነት የነበረው ለሁሉም ሲሆን ውሸት ሆነ። ከማንም ሴት ሬሳ አጠገብ ስደርስ ሚስቴን ደግመው የሚቀብሯት ይመስለኛል።»

ማንም «አይዞዎት» አላላቸውም፤ በዚያ ሰፈር ያ ቃል በሹም አፍ ረክሷል። ደብሪቱ ብቻ፣ «ምን ዓይነት ወጥ ነበር፣ አለቃ?» አለቻቸው። አለቃ ጥሶ ፊታቸውን በካባቸው ሸፈኑ። «የሽምብራ ዓሣ» አሉ ቆይተው። «በጾም ጊዜ። ዓሣው ዓይን ነበረው፤ በጥቁር አዝሙድ ትሠራለት ነበር።»

የሸንጎው ቀን ሲቃረብ ላቀች መፍራት ጀመረች።

«ቃሉን ብዬ ብገላገልስ?» አለች። «አገር ለቅቄ የት እገባለሁ? ሙሾዋንስ እዚህ ጉድጓድ አፍ ላይ ሰማሁት።»

«ቆዳ ብቻ ነው የሰማው» አለች ደብሪቱ። «ሰው ይስማው። አለቃ፣ እርስዎ ከመጽናናት ቤት በልተዋል፤ ደጋፊ ስንት ነው የሚፈቀደው?»

አለቃ ጥሶ ብዙ አሰቡ። ሲፈሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ቃል ሲያወጡም እንደሚወጋ እሾኽ በጥንቃቄ ነበር። «ቁጥር አልተጻፈም» አሉ በመጨረሻ። «እኔም… ጉልበት የለኝም እንጂ፣ ደግፍ ቢሉኝ እደግፋለሁ።»

በሸንጎው ቀን አደባባዩ ሞላ። አጉናፍር በወንበሩ ተቀመጠ፤ ዣንጥላ ያዡ ከጎኑ ቆመ። ላቀች ስትጠራ ወደ ድንጋዩ መጣች፤ ከኋላዋ ደብሪቱ፣ ሸማኔው፣ እህል ጫኙ፣ ሴቶቹ፣ አለቃ ጥሶም እየተደገፉ ሊደግፉ መጡ። የቆዳው ሽታ ቀድሟቸው ደረሰ። መኳንንቱ በኩታቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ?» አለ አጉናፍር።

«ደጋፊ ነን፣ ጌታዬ» አለች ደብሪቱ። «ሐዘኗ ከባድ ነው።»

አጉናፍር ወደ ምክትሉ ዞረ፤ ምክትሉ ደንቡን በልቡ ፈለገና የሚከለክል አላገኘም። ሁሉም ድንጋዩ ላይ ወጡ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ከታች ያለ ሁሉ አንደበቱ ታሰረ።

ላቀች አፏን ዘጋች። ሸማኔው ጀመረ፤ ጨረቃውን ቤቱ ትቶ መጥቶ ነበር፦

«ሽሮዋን አሳርራ ስቃ የምትበላ፣
እንደሷ ማን ነበር ቤት በሳቅ የሚሞላ።»

ሕዝቡ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ያቺ ነጠላዋን የጠቀጠቀችው ጎረቤት አሁንም ጠቀጠቀች፤ አሁን ግን ሳቅ አልነበረም። እህል ጫኙ ቀጠለ፦

«በፉጨቷ ነበር አህያው የሚመለስ፣
ማን ያፏጭለታል ዛሬ ቤት እስኪደርስ።»

ደብሪቱ ወደ አጉናፍር ዞራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

«አህያው እንቢ አለ ቆሞ ከወንዙ ዳር፣
ድልድዩ ፈረሰ፤ ይኸው እንናገር።»

አጉናፍር ሊነሣ ወገቡን አነሣና ደንቡ ትዝ ብሎት መልሶ ተቀመጠ። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። እጁን አወናጨፈ፤ እጅ ማወናጨፍን ደንቡ አልከለከለም። በመጨረሻ አለቃ ጥሶ ካባቸውን አውልቀው ድንጋዩ ላይ ጣሉና በተሰበረ ድምፅ አወረዱ፦

«ማንያህልሻል በሉ፣ ስሟ ይጠራ፣
ስም ገዳይ አይደለም ሰው የሚያስፈራ።»

ላቀች ልጇን አየቻት። ማዲያቷን፣ ያረጀ ጫማዋን፣ ያለ ቦታው የሚመጣውን ሳቋን አየች። በሰው ሁሉ ፊት ቆማለች።

«እሷ ናት» አለች።

ሌላ አላለችም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ደጋፊዎቿም ዙሪያዋን ተቀመጡ።

ሕዝቡ «ደግ ሆነ!» ለማለት አፉን አሰናድቶ ጠበቀ። ቃሉ አልወጣም። ቃሉ ካልወጣ የሚነሣ የለም፣ የሚናገር የለም፣ ዣንጥላ የሚያዞር የለም። ፀሐይዋ ግን ደንብ አታውቅም፤ ዞረች። ጥላው ከአጉናፍር ራስ ላይ ሸሽቶ ባዶ መሬት ላይ አረፈ። የአጉናፍር መላጣ ይግል ጀመር። በእጁ ለመናት፤ በዓይኑ ለመናት፤ በምልክት መሬት ስሞ ለመናት። ላቀች ዝም ብላ አየችው። መኳንንቱ አንዱ በአንዱ ላይ ይንጋደዱ ጀመር፤ ውሃ ሽንት የያዛቸውም ነበሩ።

በመጨረሻ አጉናፍር አንድ መላ ታየው። መነሣት ክልክል ነው፤ መዳኽ ግን አልተከለከለም። ከወንበሩ ተንሸራቶ ወረደና የአገሩ ሊቀ አጽናኝ በአራቱም እየዳኸ አደባባዩን አቋረጠ። ድንጋዩ ላይ ወጣና ጮኸ፦

«ተጽናናሁ!»

«ደግ ሆነ!» አለ ሕዝቡ፤ እንደዚያ ቀን ከልቡ ብሎት አያውቅም።

አለቃ ጥሶ ጎንበስ ብለው፣ «እግዜር ያጥናዎት፣ ጌታዬ» አሉት። «ማን ሞቶብዎ ነበር?»

ሕዝቡ እዚያ አልሳቀም፤ ሳቁን ተሸክሞ በየቤቱ ገባ። የአገሩ በር ሲዘጋጋ ነው የተሰማው።

በመጽናናት ቤት ስለ ነገሩ ብዙ ተመከረ። ቃሉ ከድንጋዩ ላይ ወጥቷል፤ ሊቀ አጽናኙ ደግሞ ሐዘን አልነበረበትም፤ ስለዚህ የተጽናናችው ላቀች ናት ተባለ፤ ከአገርም ሳትወጣ ቀረች። ደጋፊ ከአንድ እንዳይበልጥ፣ ያም አንዱ ቆዳ አልፊ እንዳይሆን ተደነገገ። ድልድዩም አሁን ድረስ እንዳረፈ ነው። ላቀች ግን ወደ ገበያው አልተመለሰችም። ጨውዋን እዚያው ሰፈር ትሸጣለች፤ ለልጅ ሲሆን ከስፍሩ ላይ ቁንጥር ትጨምራለች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አጉናፍር ሞተ። ነጋሪት ተመታ፤ «አንበሳ ነበረ» ተብሎ ሙሾ ወረደለት። ሚስቱ ወይዘሮ ዘርትሁን ድንጋዩ ላይ ወጥታ ቃሉን አለች። ሁሉም እንደ ደንቡ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ፊቷን በነጠላ የተሸፈነች ሴት በኋላ በር በኩል ወደ ቆዳ አልፊዎች ሰፈር መጣች። ማን እንደሆነች በጫማዋ አወቋት። እህል ጫኙ ምራቁን ትፍ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ደብሪቱ ወደ ላቀች ተመለከተች። ሁሉም ወደ ላቀች ተመለከተ።

ወይዘሮ ዘርትሁን ከጉድጓዱ አፍ ላይ እንደቆመች፣ «አንበሳ አሉት» አለች። «አጉናፍር… ድመት ይፈራ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ላቀች የያዘችውን ጨው ወደ ከረጢቱ መለሰች፤ እጇን አራገፈች። ከዚያ ጠጋ ብላ ለሴትየዋ መቀመጫ ለቀቀችላት።

«ምን ዓይነት ድመት?» አለቻት።